ወንበሩ ፌርማታ ሲባል የቆመበት ቀን

ጡረታ የወጣሁ ዕለት የሥራ ባልደረቦቼ ኬክ ቆረሱልኝ፤ የግድግዳ ሰዓት ሸለሙኝ፤ ንግግርም ተደረገ። ንግግሩን ረስቼዋለሁ። ያልረሳሁት አንዲት ወጣት የጥርስ ሐኪም ሰሃኗን እንደያዘች ጠጋ ብላ የጠየቀችኝን ነው። "እትዬ ለተብርሃን፣ እኔ ፊት አፋቸውን ገጥመው የሚያለቅሱ ልጆች እርስዎ ዘንድ ሲመጡ እንዴት ነው የሚከፍቱት?" አለችኝ። ልመልስላት ስል ሰው ጠራትና ሄደች። መልሱ ግን ከዚያ ወዲህ አላስቀምጥ አለኝ። ሌሊት እንቅልፍ ይነሳኛል ብል ማጋነን ይሆናል፤ ቀን ቀን ግን ብቻዬን ያስቀኛል፣ እጄንም ያወራጨኛል። ስለዚህ ደብተር ገዝቼ ተቀመጥኩ።

ሥራ የጀመርኩት አሥመራ፣ በአንድ ሆስፒታል የጥርስ ክፍል ነው። ፌዴሬሽኑ ፈርሶ የመሥሪያ ቤቱ ወረቀት ሁሉ በአማርኛ መሆን የጀመረበት ጊዜ ነበር። እኔ ዓኽርያ የሚባለው የአሥመራ ሰፈር ልጅ ነኝ፤ አማርኛ የተማርኩት ትምህርት ቤት ነው። ዛሬም ሐን ከጉሮሮዬ ሳወጣት የሚስቁብኝ አሉ። የተቀጠርኩትም ስለ ጥርስ አንዳች ነገር አውቄ አልነበረም። ዶክተር ኃይሉ የሚባሉ የጥርስ ሐኪም ከአዲስ አበባ ተዛውረው መጡ፤ ትግርኛ አይችሉም፤ የሚታከመው ሕዝብ ደግሞ አብዛኛው አማርኛ አይችልም። አስተርጓሚም ረዳትም የምትሆን ሴት ተፈለገችና እኔ ተገኘሁ። ደመወዙ ለሻሂና ለአውቶቡስ ይበቃል ብለን እንቀልድ ነበር።

ዶክተር ኃይሉ ረጅም፣ ቀጭን፣ እጃቸው የፈጠነ ሰው ነበሩ። ጥርስ ሲነቅሉ አያመነቱም፤ ታማሚው "መቼ ነው የሚነቀለው?" ብሎ ሳይጨርስ ጥርሱ ሳህን ላይ ጠብ ይላል። ጉድለታቸው ጥድፊያቸው ነበር። እውነቱን ለመናገር ግን ፈርዶባቸው ነው፤ በየማለዳው ኮሪደሩ ጉንጩን በነጠላ ባሰረ ሰው ይሞላል።

የጥርስ ክፍሉ ሌላው ሰው አቦይ ግርማይ ነበሩ። በጣልያን ጊዜ የጣልያን ጥርስ ሐኪሞች ረዳት ሆነው ያረጁ፣ ፀጉራቸው ጥጥ የመሰለ፣ ቁመታቸው አጠር ያለ ሰው። ዲፕሎማ የላቸውም። ሥራን ያስተማሩኝ ግን እሳቸው ናቸው። ማስተማራቸውም በወሬ አልነበረም፤ ዝም ብዬ እንዳያቸው ይተዉኝ ነበር።

ሕጻን ሲመጣ መጀመሪያ እጃቸውን በሙቅ ውሃ ይታጠባሉ። ለንጽሕና ብቻ መስሎኝ ነበር፤ በኋላ ሳስተውል ጣታቸው የልጁን ከንፈር ሲነካ እንዳይቀዘቅዘው ነው። ትንሿን የአፍ መስታወት ለብ ባለ ውሃ ይነክሯታል፤ እንዲያ ስትሆን በትንፋሽ አትደበዝዝም፣ ጉንጭም አታስደነግጥም። የማደንዘዣውን ብልቃጥ በመዳፋቸው ጨብጠው ያሞቁታል። መርፌ ሲወጋ የልጁን ከንፈር በጣታቸው ይዘው ቶሎ ቶሎ ያወዛውዙታል፤ ልጁ መወዛወዙን ሲያዳምጥ መርፌው ገብቶ ይወጣል። ዕቃ የያዘ እጃቸውን ከኋላቸው አይደብቁም። ከልጅ ጋር ቆመው አይነጋገሩም፤ ጉልበታቸው እየጮኸ ቢሆንም ይንበረከካሉ። ደግሞም "አያምም" የምትለውን ቃል ከአፋቸው ሰምቼ አላውቅም። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው፣ ሕጻን ሕመሙን ይረሳል፣ ያታለለውን ሰው ግን አይረሳም አሉኝ።

ይህን ሁሉ እያወቅሁ ነው እንግዲህ የሚከተለውን ያደረግሁት።

አቦይ ግርማይ ለዘመድ ቀብር ፈቃድ በወሰዱበት ቀን እተይ ለምለም የሚባሉ ሴት ጸጸራት ከሚባለው ሰፈር ልጃቸውን ይዘው መጡ። ልጅቷ ሰናይት ትባላለች፤ ስድስት ዓመቷ ነው። የታችኛው መንጋጋ ጥርሷ በስብሶ ድዷ መግል ይዟል። እናቷ ጀላቶ፣ አይስክሬም፣ ልገዛልሽ ነው ብለው አታለው ነው ያመጧት። አዲስ ቀሚስ ለብሳ፣ ፀጉሯ በሪባን ታስሮ፣ በኮሪደሩ ላይ ጀላቶ የሚሸጥበትን ቦታ እየፈለገች ገባች።

ወንበሩ ላይ ስናስቀምጣት ነገሩ ገባት። አላለቀሰችም። ፊቴን አየችና "መርፍእ ክወግኡኒ ድዮም?" አለችኝ፤ መርፌ ሊወጉኝ ነው ወይ ማለቷ ነው። ዶክተር ኃይሉ ምን እንዳለች ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። መርፌውን በእጃቸው እንደያዙ፣ በሩን እያዩ፣ "የለም በያት" አሉ። እኔም ተረጎምኩ። "ኣይፋልን፣ መርፍእ የለን" አልኳት። በዚያ ላይ ፈገግ አልኩላት።

መርፌው ድዷን ሲነካ ዓይኗን ወደ እኔ መለሰች። ያን ዓይን እስከ ዛሬ አውቀዋለሁ። ከዚያ ራሷን ወረወረች፤ ጣቴን ነከሰች፤ መርፌው ተስፈንጥሮ ወጣ። ግማሹ ማደንዘዣ እንኳ አልገባም። እናቷ እግሯን፣ እኔ እጇን ያዝን፤ ዶክተር ኃይሉ አንዴ ከጀመርነው እንጨርሰው ብለው በጉጠት ጥርሱን ያዙ። ልጅቷ ስትፈራገጥ ጥርሱ ከላይ ተሰብሮ ወጣ፤ ሥሩ ውስጥ ቀረ። ከእጃችን አምልጣ፣ አፏ እየደማ፣ ያን ሁሉ ታማሚ ሰንጥቃ ወደ መንገድ ሮጠች። እናቷ ነጠላቸውን እየሰበሰቡ ተከተሏት።

በማግስቱ ይመለሳሉ ብለን ጠበቅናቸው፤ አልመጡም። ሦስት ሳምንት ያህል ቆይተው ሲመጡ የልጅቷ ጉንጭ አብጦ ዓይኗን ሊደፍን ደርሷል፤ ትኩሳቷ ያቃጥላል። ሆስፒታል ተኛች። በማደንዘዣ አስተኝተው ሥሩን አወጡ፤ መግሉም ከአገጯ ሥር ተቀዶ ፈሰሰ። ዳነች፤ ጠባሳው ግን ቀረ። ልጠይቃት አልጋዋ ድረስ ስሄድ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

አቦይ ግርማይ ከቀብር ሲመለሱ ነገርኳቸው። አልተቆጡኝም። ምን ብላ እንደጠየቀችኝና ምን እንደመለስኩላት ብቻ ጠየቁኝ። ስነግራቸው መስታወቶቹን መወልወል ቀጠሉ። በማግስቱ ወደ ቤት ልሄድ ስል በር ላይ ጠበቁኝና "ጓለይ፣ ልጄ፣ ይቅርታ የምትጠየቀው እናትየዋ ብቻ አይደለችም፤ ልጅቷም ናት" አሉኝ።

ስትሻላት ጸጸራት ሄድኩ። እተይ ለምለም በር ከፍተው ሲያዩኝ ተሸማቀቁ፤ እሳቸውም የጀላቶው ነገር እንቅልፍ ነስቷቸዋል። ሻሂ አቀረቡልኝ። ሰናይት የጓዳውን መጋረጃ ተከልላ እግሯ ብቻ ይታየኛል። ወደ መጋረጃው ዞሬ ተንበረከክሁና መርፌ እንደነበር፣ እያወቅሁ የለም እንዳልኳት፣ እንደዋሸኋት ነገርኳት።  በኋላ ከመጋረጃው ጀርባ "መርፍእ ነይሩ" አለች፤ መርፌ ነበር። ሌላ አልጨመረችም። ይቅር አላለችኝም፤ እኔም ይቅር በይኝ ብዬ አልጨቀጨቅኳትም። እያለቀስኩ ወጣሁ።

ታዲያ አንድ ዓመት ሳይሞላ እተይ ለምለም ራሳቸው ሥራ ቦታዬ መጡ። ሁለተኛዋ ልጃቸው ትርሓስ ጥርሷ ጠቁሯል፣ በቀኝ በኩል ማኘክ ትታለች። "እንደዚያኛዋ እንዳትሆንብኝ፤ ምን ብዬ ላምጣት?" አሉኝ። እንዴት ደስ አለኝ! ሰው ያበላሸውን ሥራ እንደገና ሲሰጡት እንዴት እንደሚሆን የደረሰበት ያውቀዋል። ምንም ብለው አያምጧት፣ መጀመሪያ እኔ እመጣለሁ አልኳቸው።

ከሥራ በኋላ በአውቶቡስ ጸጸራት መመላለስ ጀመርኩ። ትርሓስ አምስት ዓመት አልሞላትም፤ ወሬኛና ሳቂታ ናት። በመጀመሪያው ቀን መስታወትና የሻሂ ማንኪያ ብቻ ይዤ ሄድኩ። እናቷን ወንበር ላይ ደገፍ አስደርጌ አፋቸውን አስከፈትኳቸውና ጥርሳቸውን በማንኪያው ጀርባ እንድትቆጥር ሰጠኋት። እስከ አሥር ትቆጥርና ከሌላው ጫፍ እንደገና ከአንድ ትጀምራለች። እተይ ለምለም ሳቅ እያነቃቸው አፋቸውን እንደከፈቱ ቆዩ። ቀጥሎ እሷ ተኛች፣ እኔ ቆጠርኩ። የጠቆረችው ጋ ስደርስ ይህቺ ታማለች፣ ሐኪሙ ሊያወጣት ነው አልኳት። ለምን እንደምትወጣም ነገርኳት፤ በእሷ ቦታ በኋላ ሌላ እንደምትበቅልም።

ሰናይት በር ተደግፋ ታየኛለች። በሁለተኛው ቀን ስለ ወንበሩ፣ ስለ መብራቱ፣ ስለ ውሃው ስናገር ድንገት አቋረጠችኝ። "መርፌውስ?" አለችኝ፤ በአማርኛ። ትምህርት ቤት ገብታ ጥቂት ጥቂት ለምዳለች።

አቦይ ግርማይ እንዳስተማሩኝ፣ መርፌ አለ፣ ያማል፣ ሕመሙ ግን አሥር እስኪቆጠር ነው አልኩ። ምን ያህል እንደሚያም ላሳያችሁ ብዬም የራሴን እጅ ቆነጠጥኩ። ሰናይት መጥታ እጇን ዘረጋችልኝ። እሷንም ቆነጠጥኳት።

"ከዚህ ይበልጣል" አለች።

ጠበቅ አድርጌ ቆነጠጥኳት።

"ከዚህም።"

ሦስተኛውን ከልቤ ቆነጠጥኳት፤ ቆዳዋ ቀላ። ትንሽ አሰበችና በእሺታ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ወደ እህቷ ዞራ፣ ሳትስቅ፣ በትግርኛ "ልክ እንደዚህ ነው" ብላ ትርሓስን በልክ ቆነጠጠቻት። ትርሓስ ጮኸች፤ አሥር ቆጠርን፤ ጩኸቷም አለቀ። እኔ ከዚያ ወዲህ አብሬው ከሠራሁት ሐኪም አንዱም ሕመምን እንደ ሰናይት በልክ ሲለካ አላየሁም!

በሦስተኛው ቀን ወንበር ጨዋታ ተጫወትን። ሆስፒታል ያለው ወንበር በእግር ሲረገጥ ከፍ ይላል፣ ሲለቀቅ ይወርዳል። እኔ ትርሓስን የቤት ወንበር ላይ አስቀምጬ ወደ ኋላ አዘነብላታለሁ። እሷ ወንበሩን አውቶቡስ አደረገችው። ወደ ዓኽርያ፣ ወደ ፓራዲዞ እየነዳኋት ብዙ ሳዘነብላት ጊዜ እጇን አንሥታ "ፌርማታ" አለች። አቆምኩ። እንደገና አዘነበልኳት፤ "ፌርማታ"። አቆምኩ። ፊቷን ሳየው ፍርሃቷ ሁሉ በዚያች አንዲት ቃል እንደሚጠፋ ገባኝ። ባለችበት ማቆም የምትችል ተሳፋሪ ናታ! ሻሂውን ሳልጨርስ ብድግ አልኩ። አውቶቡሱ ውስጥ አልተቀመጥኩም፤ ቆሜ ነው ቤቴ የደረስኩት።

ጠዋት ዶክተር ኃይሉ ካፖርታቸውን ሳይለብሱ ያዝኳቸው። ልጅቷ ፌርማታ ስትል መርፌም ይሁን ጉጠት በእጅዎ ቢኖር ማቆም አለብዎት አልኳቸው። ዓይናቸው ፈጠጠ። ኮሪደሩ እንዲህ ሞልቶ አምስት ዓመት ያልሞላት ልጅ ሐኪም ልታዝ ነው ወይ አሉኝ። ተርጓሚ ሆኜ ከገባሁ ወዲህ ተከራክሬያቸው አላውቅም፤ ያን ቀን ግን አፌ አልዘጋ አለ። ሰናይትን አነሣሁባቸው።  አቦይ ግርማይ ከመታጠቢያው ጋ ሆነው፣ ዞርም ሳይሉ፣ "ዶቶሬ፣ ማቆም ጊዜ አይወስድም። አሯሩጦ መያዝ ነው ጊዜ የሚወስደው" አሉ፤ ተረጎምኩላቸው። ዶክተር ኃይሉ አንድ ጊዜ ብቻ እሞክረዋለሁ አሉ።

የቀጠሮው ቀን እተይ ለምለም ሁለቱንም ልጆች ይዘው መጡ። ሰናይት ካልሄድኩ ብላ ነው። ከደጃፉ ግን አላለፈችም፤ አንድ እጇ መቃኑን ይዟል። ትርሓስ ወንበሩን ባየች ጊዜ ሳቀች። ወጣች፣ ተቀመጠች፣ ዶክተር ኃይሉ ፔዳሉን ረገጡ፤ ወንበሩ ቀስ እያለ ከፍ አለ።

"ፌርማታ" አለች።

ቆመ። እንደገና ተረገጠ። መስታወቷ ገባች፣ ጥርሷ ተቆጠረ። ከዚያ ዶክተር ኃይሉ መርፌውን አነሡ። አልደበቁትም። አቦይ ግርማይ እንደሚያደርጉት ብልቃጡን በመዳፋቸው ሲያሞቁ ሳይ ገረመኝ፤ ለካ ያዩ ነበር። መርፌው ከንፈሯ ጋ ሲደርስ ትርሓስ እጇን አነሣች። "ፌርማታ።"

በሩ ክፍት ስለነበር ኮሪደሩ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ያያል። የሐኪሙ እጅ በአየር ላይ ቀረ። ቆሙ። መርፌውን አወረዱ። ትርሓስ አየቻቸው፣ እህቷንም አየች። እንደገና ጀመሩ፤ እንደገና ፌርማታ አለች፤ እንደገና ቆሙ። ግንባራቸው ላብ አውጥቷል፤ ያን የጥድፊያ ዓይናቸውን ግን ወደ በሩ አላዞሩም። ሦስተኛ ጊዜ ሲያቆሙ ትርሓስ ወደ ሰናይት ዞራ "ናይ ብሓቂ ደው ይብሉ" አለቻት፤ እውነትም ይቆማሉ። ከዚያ አፏን ጥርሶቿ ሁሉ እስኪታዩ ከፈተች።

ከንፈሯን ይዤ አወዛወዝኩ። መርፌው ሲገባ ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ሰናይት ከደጃፉ ሆና ጮክ ብላ ቆጠረች። አሥር ሳትደርስ አለቀ። ከንፈሯ እስኪደነዝዝ ጠበቅን፤ ጥርሷም ሳህን ላይ ጠብ አለ። ያን ድምፅ ሺህ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ እንዲያ ያስደሰተኝ ጊዜ የለም። እተይ ለምለም የቐንየለይ፣ የቐንየለይ፣ እግዜር ይስጥልኝ እያሉ የሁላችንንም እጅ ያዙ።

ሰናይት ያን ጊዜ ከመቃኑ ለቀቀች። እስከ ሳህኑ መጣችና ጥርሱን አየችው፤ ሥሩን በተለይ። ቀና ብላ ዶክተር ኃይሉን በአማርኛ፣ "የኔ ለምን ተሰበረ?" አለቻቸው።

እኔ ደነገጥኩ። እሳቸው ግን ወገባቸውን አጥፈው ተንበረከኩ፤ ያ ረጅም ሰው መሬት ላይ። "ስለቸኮልኩ ነው የተሰበረው። መርፌ የለም በያት ብዬ ያዘዝኳትም እኔ ነኝ። ጥፋቱ የኔ ነው" አሏት። ቃሉ ሁሉ የገባት አይመስለኝም፤ ልተረጉምላት ስል እጇን አንሥታ ከለከለችኝ። ገብቶኛል ማለቷ ነው። ጥርሱን ለእህቷ በወረቀት ጠቅልላ ያዘችላት። እውነቱን ልናገርና፣ ሰናይት እኔ እዚያ በነበርኩበት ዘመን ያን ወንበር አልወጣችም። ለምነናትም አናውቅም።

ዶክተር ኃይሉ ስለ ነገሩ ሁለት ቀን ምንም አላሉም። በሦስተኛው ቀን ጠሩኝና፣ በመጪው ቅዳሜ ጠዋት፣ ክፍሉ ሥራ በማይኖረው ሰዓት፣ ምንም ጥርስ የማይነካበት፣ ልጆች ወንበሩን ብቻ የሚለምዱበት ቀን እናድርግ አሉኝ። ለእተይ ለምለም ነገርኳቸው። እሳቸው ለቤተ ክርስቲያን ጓደኞቻቸው ነገሩ። እኔ ሦስት አራት ልጅ ቢመጣ ብዬ ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ።

ቅዳሜ ስንደርስ ኮሪደሩ በልጅ ሞልቷል። ከጸጸራት የመጡ፣ ከዓኽርያ በአውቶቡስ የመጡ፣ አንዲት እናት ደግሞ ከፓራዲዞ አራቱን ልጆቿን አሰልፋ። አቦይ ግርማይ በዕረፍት ቀናቸው ሙሉ ልብስ ለብሰው መጡና ሙቅ ውሃ ማዘጋጀት ጀመሩ። እኔ የቆጠርኩት ጥርስ ቁጥር የለውም። አፋቸው ማር ማር የሚሸት፣ ፊት ጥርሳቸው የወለቀ፣ ተራዬ ደረሰ ብለው የሚገፋፉ፣ ወንበሩ ከወረደ በኋላ እንደገና ካልወጣሁ የሚሉ። አንዱ እናቱን አስቀምጦ እሱ ፔዳሉን ልርገጥ አለ። ዶክተር ኃይሉ አይሆንም፣ እኔ ነኝ የምረግጠው አሉና ከጠዋት እስከ ቀትር እያንዳንዱን ልጅ ሲያወጡና ሲያወርዱ ዋሉ። ልጆቹ በየመሃሉ ያስቆሟቸዋል፤ ይቆማሉ፤ ይሂድ ይሏቸዋል፤ ይረግጣሉ። እንደዚያ ሲስቁ አይቼያቸው አላውቅም ነበር።

ሰኞ ጠዋት ቀኝ እግራቸውን እየጎተቱ ገቡ። ምን እንደሆኑ ለታካሚዎቹ አልተናገሩም። እጃቸውን ሲታጠቡ ጀርባቸውን እንደሰጡኝ ለመጪው ቅዳሜ ስንት ልጆች እንደሚመጡ ጠየቁኝ። አላውቅም፣ ካለፈው ሳይበልጡ አይቀሩም አልኳቸው።

"እንግዲያው በግራ እግሬ ነው የምረግጠው" አሉ።